ፀጉሬ ማደጉን አላቆመም ነበር

ለሁለት ዓመት ገደማ ፀጉሬ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ቀረ። ከትከሻዬ ትንሽ ወረድ ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ የለም። ጫፉን ስነካው ይሻክራል። ጥቁር ልብስ የለበስኩ ቀን ትከሻዬ ላይ ቁርጥራጭ ፀጉር ተዘርቶ ይውላል። ያልሞከርኩት ቅባት፣ ያላስደረግሁት ትሪትመንት አልነበረም። ሁሉንም የምገዛው "ፀጉር ያሳድጋል" የሚለውን ጽሑፍ አይቼ ነው። የምቀባውም የፀጉሬን ሥር ነው።

ነገሩ የገባኝ አንድ ቀን ጠዋት መስኮት አጠገብ ቆሜ ፀጉሬን ስጎነጉን ነው። ከዚያ በፊት 20 ወር ያህል ቀደም ብሎ የፀጉሬን ጥቁረት በኬሚካል አስለቅቄ ቡኒ ቀለም ተቀብቼ ነበር። በዚያ ብርሃን ሁለቱ ቀለሞች ቁልጭ ብለው ታዩኝ፤ ከሥር የወጣው ጥቁር፣ ከታች ያለው ቡኒ። ሜትር አምጥቼ ለካሁት። ጥቁሩ ብቻ 20 ሴንቲሜትር ነው። ጠቅላላው ደግሞ 46። ቀለም የተቀባሁ ቀን ስንት ነበር? ያን ቀን ለክቼ ስልኬ ላይ ጽፌዋለሁ። 46።

ሜትሩን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ለካ ፀጉሬ ማደጉን አላቆመም ነበር። 20 ሴንቲሜትር አድጓል። በዚያው ልክ 20 ሴንቲሜትር ከጫፉ እየተሰባበረ ወድቋል። እኔ ሥሩን ስንከባከብ የኖርኩት፣ ችግሩ ያለው ጫፉ ላይ ነበር።

ይህን የምጽፈው "ፀጉሬ አያድግም" የምትሉ ብዙ ስለሆናችሁ ነው። ፀጉር ያልቀባችሁም ብትሆኑ ራሳችሁን ማየት ትችላላችሁ። ማበጠሪያችሁ ላይ የቀረውን ፀጉር ነጭ ወረቀት ላይ አድርጉትና ተመልከቱ። ረጅም ሆኖ አንዱ ጫፉ ላይ ነጭ ትንሽ እብጠት ካለው ከሥሩ የተነቀለ ነው። በቀን ከ50 እስከ 100 ዘለላ መርገፉ የተለመደ ነው፤ አያስደነግጥም። አጭር ከሆነና በሁለቱም ጫፍ እብጠት ከሌለው ግን ተሰብሮ ነው። የእኔ ወረቀት ላይ አብዛኛው አጫጭር ነበር።

ጫፍ ለምን እንዲህ ይሆናል? ፀጉር በወር 1 ሴንቲሜትር ገደማ ያድጋል፤ የአንዳንዱ ሰው ከዚህ ያንሳል፣ የአንዳንዱ ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ 46 ሴንቲሜትር ላይ ያለው ጫፍ የአራት ዓመት ፀጉር ነው። አራት ዓመት ሙሉ የታጠበ፣ የተበጠረ፣ ትራስ ላይ የታሸ፣ ፀሐይ የመታው። በየሳምንቱ የታጠበ የአራት ዓመት ሸሚዝ አንገትጌው ምን እንደሚመስል አስቡት። ሸሚዙ እንኳን ሊጣፍ ይችላል። ፀጉር ከራስ ቅል ከወጣ በኋላ ደም አይደርሰውም፣ ሕይወት የለውም፣ የቆሰለ ቆዳ እንደሚሽር አይሽርም። ያለው ያ ነው። የምንችለው ሳይጎዳ እንዲቆይ መጠበቅ ነው።

እያንዳንዱ ዘለላ ላዩ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ሽፋን አለው። አዲስ የወጣው ፀጉር ላይ ይህ ሽፋን ብዙ ድርብ ነው፤ ቅርፊቶቹም ተኝተው ይለጠፋሉ። ለዚህ ነው ከሥር ያለው ፀጉር የሚለሰልሰውና የሚያበራው። ወደ ጫፍ በሄዳችሁ ቁጥር ቅርፊቱ በመታሸት ብዛት ይነሳል፣ ይሸረፋል፣ በመጨረሻም ያልቃል። ሽፋኑ ካለቀ የውስጡ ክር ይጋለጥና ይተረተራል። የተሰነጠቀ ጫፍ የምንለው ይኸው ነው። በዚያ ላይ የራስ ቅላችን የሚያመነጨው ተፈጥሯዊ ቅባት እስከ ጫፍ አይደርስም። ቀጥ ባለ ፀጉር ላይ ትንሽ ወረድ ይላል። በጣም በተጠቀለለ ፀጉር ላይ ግን እያንዳንዱ መታጠፊያ ይይዘዋል። መታጠፊያዎቹ ራሳቸው ደግሞ ቶሎ የሚሰበሩ ቦታዎች ናቸው።

ቀለሙ የእኔን ነገር አባብሶታል። ጥቁረትን የሚያስለቅቅ ኬሚካል ወደ ውስጥ የሚገባው ያን ሽፋን ከፍቶ ነው። ላዩ ላይ የነበረውን፣ ውኃን የሚገፋ ስስ የቅባት ንብርም ይወስደዋል። ፀጉርን ቀጥ የሚያደርገው ኬሚካል፣ ሪላክሰርም፣ በሌላ መንገድ የፀጉርን የውስጥ ማሰሪያ ይበጥሳል። ሁለቱን አንድ ፀጉር ላይ የደረባችሁ ካላችሁ ከዚህ በታች የምለውን ሁሉ እጥፍ አድርጋችሁ ያዙት።

መጀመሪያ ያደረግሁት መቁረጥ ነው። ፀጉር የምትሠራኝ ሴት "እህቴ፣ ጫፉን እንቁረጠው" ስትለኝ ቆይታ ነበር። እኔ ደግሞ "ገና ሳያድግ?" እያልኩ እምቢ እላለሁ። የለካሁ ሳምንት ሄጄ "እስከሚያስፈልገው ቁረጪው" አልኳት። 8 ሴንቲሜትር ቆረጠች። ወለሉ ላይ ሳየው እንባዬ መጣ። ቤት ገብቼ ሳበጥረው ግን ማበጠሪያው ከላይ እስከ ታች ሳይያዝ ወረደ። ያን ስሜት ረስቼው ነበር።

መቁረጥ ፀጉርን አያሳድግም። እድገቱ ከሥር ነው፤ መቀሱን አያውቀውም። የሚጠቅመው ስንጥቁ ወደ ላይ እንዳይጓዝ ነው። የተሰነጠቀ ጫፍ እዚያው አይቆምም፤ እየተተረተረ ይወጣል። ዛሬ 1 ሴንቲሜትር የነበረው ቆይቶ 3 ሊሆን ይችላል፤ መሐል ላይ ተበጥሶም ይወድቃል። የተሰነጠቀውን "ይጠግናል" የሚል ቅባት የምታዩ ከሆነ ሥራው ለጊዜው ማጣበቅ ነው። ከጥቂት እጥበት በኋላ ይለቃል። ማጣበቁ በራሱ መጥፎ አይደለም፤ እስከ መቁረጫ ቀን ያቆያል። ድኗል ብላችሁ ግን አትጠብቁት።

አሁን በሦስት ወር አንዴ 1 ሴንቲሜትር እቆርጣለሁ። በሦስት ወር 3 ያድጋል፣ 1 ይሄዳል፣ 2 ይተርፈኛል። በመሐል ደግሞ ራሴ ሥራ አለኝ። ቀን ብርሃን ላይ እቀመጥና ጭኔ ላይ ነጭ ጨርቅ እዘረጋለሁ። ትንሽ ትንሽ ይዤ ጠምዘዝ ሳደርገው የተጎዱት ዘለላዎች ወደ ውጭ ይቆማሉ። የተሰነጠቀውን፣ ወይም ጫፉ አካባቢ ነጭ ነጥብ ያለበትን ዘለላ ከጉዳቱ ግማሽ ወይም 1 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብዬ እቆርጠዋለሁ። ነጯ ነጥብ ፀጉሩ ውስጡ የተፍረከረከበት ቦታ ናት፤ ከነካችኋት እዚያው ትቀነጠሳለች። መቀሱ የፀጉር መቀስ ይሁን፣ የተሳለ ይሁን። ወረቀት የቆረጠ የዶለዶመ መቀስ ፀጉሩን ያደቀዋል እንጂ አይቆርጠውም፤ የደቀቀው ጫፍ ደግሞ ተመልሶ ይሰነጠቃል። በጥርስም በጥፍርም አትቅደዱት። እኔ እያነበብኩ ስንጥቁን በጣቴ ለሁለት የመሰንጠቅ ልማድ ነበረኝ። እሱን ማቆም ከሁሉም ይልቅ ከብዶኝ ነበር።

አሁን ወደ እጥበት ልምጣ፤ ትልቁ ለውጥ የመጣው እዚህ ነው።

ድሮ ፀጉሬን ሁሉ አናቴ ላይ ሰብስቤ እንደ ልብስ ነበር የማሸው። አሁን ሻምፖ የሚነካው የራስ ቅሌን ብቻ ነው። ላቡም ቅባቱም ያለው እዚያ ነው። ሲታጠብ የሚወርደው አረፋ ለጫፉ ይበቃዋል። ፀጉሬን ወደ ታች እንደተንጠለጠለ እተወዋለሁ፤ ወደ ላይ አልሰበስበውም፣ አላሽም። ኮንዲሽነር ደግሞ በተቃራኒው ከጫፍ ይጀምራል። መጀመሪያ ጫፍ፣ ቀጥሎ መሐል፣ ሥር ላይ ጨርሶ አይደርስም። ኮንዲሽነር ለምን እንደሚሠራ ሳውቅ ደስ ብሎኛል። የተጎዳ ፀጉር አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል አለው። ኮንዲሽነር ውስጥ ያለው ዋናው ንጥረ ነገር አዎንታዊ ነው። ስለዚህ ይሳሳባሉ። ብታለቀልቁትም ስስ ሽፋን ትቶ ይሄዳል፤ በጣም የተጎዳው ቦታ ላይ ደግሞ ይበልጥ ይጣበቃል። ያቺ ስስ ሽፋን ፀጉር ከፀጉር ሲታሽ ታንሸራትተዋለች።

ከመታጠቤ ሁለትና ሦስት ሰዓት በፊት ጫፉን የኮኮናት ዘይት እቀባዋለሁ። ብዙ አይደለም፤ መዳፍ ላይ ቀልጦ የሚያብረቀርቅ ያህል። ፀጉር ውኃ ሲገባበት ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ይህ መመላለስ ያደክመዋል፤ ሲታጠብም ፕሮቲን ይወጣዋል። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት የኮኮናት፣ የሱፍና የማዕድን ዘይትን አወዳድሮ የፕሮቲኑን መውጣት የቀነሰው የኮኮናቱ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። የኮኮናት ዘይት ወደ ፀጉሩ ውስጥ ዘልቆ ይገባል፤ ሌሎቹ በአብዛኛው ላዩ ላይ ይቀራሉ። ፀጉሩን የሚያደርቅበት ሰውም አለ። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክራችሁ ካደረቀባችሁ ተዉት፤ ግዴታ አይደለም።

ስለ ዘይት አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔ ራሴ ብዙ የተሳሳትኩበት ነው። ጫፌ በደረቀ ቁጥር ዘይት እጨምር ነበር። ያበራል፣ ግን ስጫነው ይንኮሻኮሻል። ዘይት ውኃ አይደለም። ያለውን እርጥበት ይይዛል እንጂ የሌለውን አያመጣም። አሁን መጀመሪያ ጫፉን በውኃ ትንሽ አርሳለሁ፣ የማይታጠብ ኮንዲሽነር እቀባለሁ፣ ዘይቱ መጨረሻ ላይ ጠብ ይላል። ይህን በሳምንት ሁለት ጊዜ ባደርግ ይበቃኛል።

እርጥብ ፀጉር ደካማ ነው። ውኃ የውስጡን ማሰሪያ ከፊሉን ስለሚያላላው በቀላሉ ይለጠጣል፣ ከልክ ሲያልፍም ይበጠሳል። ስለዚህ ፎጣ ማሸት አቁሜያለሁ። ያረጀ የጥጥ ካናቴራ አለኝ፤ ፀጉሬን በእሱ ይዤ ጨመቅ ጨመቅ አደርገዋለሁ፣ በቃ። ማበጠርን በተመለከተ ምክሩ እንደ ፀጉሩ ዓይነት ይለያያል። ፀጉራችሁ ቀጥ ያለ ከሆነ ትንሽ እስኪደርቅ ብትጠብቁ ይሻላል። የተጠቀለለ ወይም ከርዳዳ ከሆነ ደግሞ ሲደርቅ ማበጠር ነው የሚሰብረው፤ ኮንዲሽነር እንዳለበት፣ በእርጥቡ፣ ጥርሱ ሰፋ ባለ ማበጠሪያ ይሁን። የእኔ የተጠቀለለ ነው። አራት ቦታ እከፍለዋለሁ። የያዝኩትን ክፍል ከመሐሉ አጥብቄ ጨብጬ ጫፉን እፈታለሁ፣ ከዚያ ትንሽ ከፍ፣ ከዚያ ትንሽ ከፍ። ከላይ ጀምሮ ወደ ታች መሳብ ትንንሾቹን ቋጠሮዎች ሁሉ ጫፍ ላይ ሰብስቦ አንድ ትልቅ ያደርጋቸዋል። ያ "ቀጭ ቀጭ" የሚል ድምፅ የመሰበር ድምፅ ነው። ድምፁን ከሰማሁ ቆም እላለሁና በጣቴ እፈታዋለሁ።

ሙቀት ላይ ብዙ አልቆይም፤ ሁላችንም የምናውቀው ነው። አንዱን ብቻ አጥብቄ ልንገራችሁ። ፔስትራ፣ ማለትም የፀጉር መተኮሻ፣ እርጥበት ባለው ፀጉር ላይ አታሳርፉ። "ጭስስ" የሚለው ድምፅ ሲሰማ ፀጉሩ ውስጥ ያለው ውኃ እየፈላ ነው። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ውስጡ አረፋ ይሠራል፤ አረፋው ያለበት ቦታ ላይ ፀጉሩ ይሰበራል። እኔ ቸኩዬ ስንት ጊዜ አድርጌዋለሁ። አሁን የምመታው ለትልቅ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ሙሉ ለሙሉ ደርቆ፣ የሙቀት መከላከያ ተቀብቶ፣ ከ180 ዲግሪ ሳያልፍ፣ አንዱን ክፍል አንድ ጊዜ ብቻ። ጫፉ ላይ ደግሞ ፈጠን አድርጌ አልፋለሁ። ድሮ ጫፉ አልተኛ ሲል የማመላልሰው እዚያው ላይ ነበር። በጣም ያረጀው ክፍል ላይ በጣም ብዙ ሙቀት። ድራየር ከሆነ 15 ሴንቲሜትር ያህል ርቆ፣ ሳይቆም እየተንቀሳቀሰ ችግር የለውም።

ቀጥሎ የምለውን ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ ነኝ ያየሁት። በቀኝ በኩል ያለው ፀጉሬ ከግራው ይልቅ አጭርና የተበጣጠሰ ነበር። ለምን እንደሆነ ወራት ፈጅቶብኛል። ቦርሳዬን የማንጠለጥለው በቀኝ ትከሻዬ ነው። ማንገቻው ሥር ፀጉሬ ይያዛል፤ ዞር ባልኩ ቁጥር ይጎተታል። ከዚያ ወዲህ ሌሎቹንም ማየት ጀመርኩ። የወንበር መደገፊያ፣ የጃኬት ኮሌታ፣ ዚፕ፣ የመኪና ቀበቶ፣ የሱፍ ሻርፕ። ፀጉር ትከሻ ላይ በሚያርፍበት ርዝመት ላይ ሲሆን ቀኑን ሙሉ ይታሻል። ብዙ ሰው ፀጉሩ ትከሻው ላይ ደርሶ "ቆመብኝ" የሚለው አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። መፍትሔው ቀላል ነው። ሥራ ስሄድ ፀጉሬን ላላ አድርጌ ጎንጉኜ ጫፉን ወደ ውስጥ አስገብቼ አሲዘዋለሁ። ጫፉ ውጭ ከቀረ ግን ምንም አልተደረገም፤ መደበቅ ያለበት ጫፉ ነው። ማስያዣው ብረት የሌለው፣ በጨርቅ የተሸፈነ ይሁን። ቦታውንም በየቀኑ ቀያይሩት፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሲታሰር ፀጉሩ እዚያው ይበጠሳል። ግንባርና ጆሮ አካባቢ እስኪያም ድረስ አትወጥሩት።

ሌሊቱን በተመለከተ የጥጥ ትራስ ፀጉርን ይይዛል፣ ሳቲን ወይም ሐር ያንሸራትታል። የሳቲን ትራስ ልብስ ወይም ሻሽ ከገዛኋቸው ቅባቶች ሁሉ በላይ ጠቅሞኛል። መዋኛ ገንዳ የምትገቡ ከሆነ አስቀድማችሁ በንጹሕ ውኃ አርሱት፤ ውኃ የጠገበ ፀጉር ክሎሪኑን ብዙ አይጠጣም። ፀሐይ ላይ የምትውሉ ከሆነ ደግሞ ሸፈን አድርጉት።

ትሪትመንት ላይ አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ። ፕሮቲን ያለው ትሪትመንት መጀመሪያ ሳደርገው ፀጉሬ ጠንከር አለ፤ ደስ አለኝ። ከዚያ በየሳምንቱ ማድረግ ጀመርኩ። በሁለት ወር ውስጥ ፀጉሬ እንደ ገለባ ደርቆ ሲነኩት እየተቀነጠሰ መጣ። አሁን የምመራው በአንድ ፈተና ነው። ከታጠብኩ በኋላ አንድ የወደቀ እርጥብ ዘለላ ይዤ በቀስታ እስባለሁ። ትንሽ ተለጥጦ ከተመለሰ ደህና ነው። ምንም ሳይለጠጥ ከተበጠሰ እርጥበት ያንሰዋል፤ ኮንዲሽነር ላይ አተኩራለሁ። እንደ ማስቲካ ተለጥጦ ካልተመለሰ ያን ጊዜ ፕሮቲን ይፈልጋል። እኔን በሁለት ወር አንዴ ይበቃኛል።

ውኃችሁ ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት ከሆነ ደግሞ፣ ማለትም የውኃ ማፍያችሁ ውስጥ ነጭ ድንጋይ የሚጋገር ከሆነ፣ ያው ነገር ፀጉራችሁ ላይም ይቀመጣል። ምንም ብትቀቡት ሻካራነቱ አልሄድ ይላል። በወር አንዴ ማዕድን በሚያጥብ ሻምፖ መታጠብ እሱን ያነሳዋል፤ ጀርባው ላይ ኢዲቲኤ (EDTA) የሚል ፈልጉ፤ ማዕድኑን ይዞ የሚያወጣው ንጥረ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ኮንዲሽነሩን አብዙለት።

ሁሉም ነገር ከጫፍ አይደለም። ፀጉራችሁ ከሥሩ አጠገብ የሚሰበር ከሆነ፣ በአንድ ቦታ የሚመለጥ ከሆነ፣ ወይም ከወትሮው በጣም በዝቶ የሚረግፍ ከሆነ ሐኪም ጋ ሂዱ። የብረት እጥረትና የታይሮይድ ችግር ፀጉር ላይ ይታያሉ፤ በደም ምርመራ ይታወቃሉ። በቅባት ጊዜ አታጥፉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። በየሦስት ወሩ ቆርጫለሁ፤ ሲደመር ሌላ 8 ሴንቲሜትር። ያም ሆኖ ባለፈው ሳምንት ስለካው 53 ሆኗል። ከመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ወራት ግን ብዙ አትጠብቁ። በዚያ ጊዜ ርዝመቱ ላይ ምንም አላየሁም ነበር፤ ያየሁት ትከሻዬ ላይ የሚረግፈው ቁርጥራጭ መቀነሱን ብቻ ነው። ከርዝመቱ በፊት የሚመጣው ለውጥ እሱ ስለሆነ እሱን ተከታተሉ። ስትለኩ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይሁን። እኔ ከአንገቴ ሥር ያለውን አንድ ክፍል ቀጥ አድርጌ ስቤ፣ በወሩ የመጀመሪያ ቀን እለካና እጽፋለሁ።

ቡኒው አሁንም 9 ሴንቲሜትር ያህል ቀርቷል። ፀጉር የምትሠራኝ ሴት "ሁሉንም እናንሳውና ተገላገዪ" ትለኛለች። እኔ በየሦስት ወሩ እየቀነስኩ ልሸኘው ወስኛለሁ። የሚቀጥለው መቁረጫ ቀኔ ከአሥር ቀን በኋላ ነው።